የተነገረ ቃል ተመልሶ ካልተሰማ እንደ ተሰማ አይቈጠርም

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ ንግግር ከፍ ያለ ስፍራ እንዳለው የታወቀ ነው። ንጉሥ አዋጁን፣ ዳኛ ፍርዱን፣ መምህር ትምህርቱን፣ ነጋዴም ውሉን የሚያጸናው በቃል ነው። ዳሩ ግን ቃል ከተናጋሪው አፍ ስለ ወጣ ብቻ ሥራው ተፈጸመ አይባልም፤ የሚፈጸመው ተናጋሪው ባሰበው መልክ በሰሚው ልብ ያደረ እንደ ሆነ ነው። በአፍና በጆሮ መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢመስልም ብዙ ነገር የሚጠፋበት መንገድ ነው። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ሰዎች ስንኳ ሳይግባቡ የሚነሡበት ጊዜ አለ። እንግዲህ አንዱ በምድር፣ ሌላው በሰማይ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ብዙ ጊዜም የእናት ቋንቋቸው ባልሆነ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልጋቸው መገመት አያስቸግርም።

እነዚህም ሰዎች የአይሮፕላን ነጂና የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪ ናቸው። በትልልቅ ማረፊያዎች አይሮፕላን ከቆመበት የሚንቀሳቀሰው፣ ወደ መንደርደሪያው የሚገባው፣ ከምድር የሚነሣው፣ ከፍታውን የሚለውጠውና ተመልሶ የሚያርፈው በማማው ላይ ወይም በራዳሩ ፊት ከተቀመጠው ተቈጣጣሪ ፈቃድ ሲቀበል ነው። ይህም ፈቃድ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚተላለፈው በራዲዮ፣ በሰው ድምፅ ነው። ራዲዮውም እንደ ስልክ አይደለም። በስልክ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ይሰማማሉ፤ በአይሮፕላን ራዲዮ ግን በአንድ መሥመር ላይ በአንድ ጊዜ ሊናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚናገረውም ቍልፉን ተጭኖ ሳለ የሌላውን ቃል አይሰማም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቍልፉን ቢጫኑ ለሦስተኛው ሰው የሚደርሰው ፉጨት ወይም የተቈራረጠ ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚከፋውም ሁለቱ ተናጋሪዎች ቃላቸው እንደ ጠፋ ሳያውቁ፣ የተሰሙ መስሏቸው ሥራቸውን መቀጠላቸው ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጠባይ ይጨመርበታል። በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል፤ «ገና» የሚለውም ሲላላ የጊዜን መቅረት፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያሳያል። ንባብ የተማረ ሰው ልዩነቱን ከአገባቡ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሞተር በሚጮኽበትና ጊዜ በሚያጥርበት ስፍራ አገባብ የሚመረምር ሰው አይገኝም። የቅኔ ሊቅ ሰሙን ከላይ፣ ወርቁን ከሥር አድርጎ ለአንድ ቃል ሁለት ትርጕም በመስጠቱ ይመሰገናል። በቅኔ የሚያስመሰግነው ይኸው ነገር ወደ ትእዛዝ ሲገባ ግን ነፍስ ያጠፋል። ለአይሮፕላን ነጂ የሚነገር ቃል ሰምና ወርቅ ሊኖረው አይገባም፤ አንድ ቃል አንድ ትርጕም ብቻ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977፣ በስፔን ግዛት በቴነሪፍ ደሴት የደረሰው አደጋ ነው። በዚያ ቀን በጎረቤቱ በግራን ካናሪያ ደሴት አይሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ስለ ፈነዳ፣ ወደዚያ ይሄዱ የነበሩ አይሮፕላኖች ሎስ ሮዴዎስ በሚባለው በቴነሪፍ ማረፊያ እንዲያርፉ ተደረገ። ስፍራውም ስለ ተጣበበ ለመነሣት የሚዘጋጁት በራሱ በመንደርደሪያው ላይ እየተጓዙ ወደ ጫፉ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ከእነርሱም መካከል ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ የኬ.ኤል.ኤም.፣ ሁለተኛው የአሜሪካው የፓን አም ነው። ጉሙ እየከበደ ስለ ሄደ ነጂዎቹ እርስ በርሳቸው ለመተያየት፣ ተቈጣጣሪውም ሁለቱን ለማየት አልቻሉም፤ ማረፊያውም በምድር ላይ ያሉትን የሚያሳይ ራዳር አልነበረውም። ስለዚህ ለሁሉም ዐይን የሆናቸው ጆሮአቸው ብቻ ነበር።

የሆላንዱ አይሮፕላን ከመንደርደሪያው ጫፍ ደርሶ ፊቱን መልሶ ቆመ፤ የፓን አሙ ግን ገና በዚያው መንደርደሪያ ላይ ወደ እርሱ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። ተቈጣጣሪው ለሆላንዱ ከተነሣ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ነገረው። በዚህ ንግግር ውስጥ «መነሣት» የሚል ቃል ገብቶበት ነበር፤ የመነሣት ፈቃድ ግን አልተሰጠም። ረዳት ነጂው የተነገረውን መልሶ ካሰማ በኋላ በእንግሊዝኛ አንድ አሻሚ ቃል ጨመረ፤ ይኸውም በአማርኛ «መነሻው ላይ ነን» ወይም «በመነሣት ላይ ነን» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊተረጐም የሚችል ነው። በዚያን ጊዜ አለቃው ፍሬኑን ለቅቆ መንደርደር ጀምሮ ነበር፤ ተቈጣጣሪው ግን አይሮፕላኑ በመነሻው ስፍራ ቆሞ የሚጠብቅ መሰለው። ስለዚህ «እሺ» ብሎ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንዲጠብቅና ሲደርስ እንደሚጠራው ነገረው። በዚያችው ቅጽበት የፓን አሙ ነጂ ነገሩ አሥግቶት ገና በመንደርደሪያው ላይ መሆኑን በራዲዮ ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ፤ በሆላንዱ አይሮፕላን ውስጥ በደኅና የተሰማው «እሺ» የሚለው ቃል ሲሆን የቀረው በፉጨት ተሸፈነ። እንዲህም አንዲት ቃል ለተናገራት ሰው «ሰምቻለሁ»፣ ለሰማት ሰው «ፈቅጃለሁ» ሆነች።

ከዚህም በኋላ አንዲት የመዳኛ በር ቀርታ ነበር። ተቈጣጣሪው ፓን አሙን ከመንደርደሪያው በወጣ ጊዜ እንዲያስታውቅ ሲያዝዘው የሆላንዱ አይሮፕላን መሐንዲስ ሰማና፣ ያ የአሜሪካ አይሮፕላን አልወጣ ይሆን ሲል አለቃውን ጠየቀ። አለቃው በኩባንያው ዘንድ ነጂዎችን የሚያሠለጥን፣ ከሁሉም የሚከበር ሰው ነበር፤ ወጥቷል ሲል በጽኑ ቃል መለሰ። መሐንዲሱም ከዚያ አልፎ አልተከራከረም። ጥቂት ሰኮንድ ቈይቶ ሁለቱ አይሮፕላኖች ተጋጩ። በሆላንዱ የነበሩት 248 ሰዎች በሙሉ፣ ከፓን አም ደግሞ 335 ሰዎች፣ በጠቅላላው 583 ነፍስ ጠፋ፤ የተረፉት 61 ናቸው። በአይሮፕላን አደጋ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ያለቀበት ቀን የለም።

የስፔን መርማሪዎች ዋናው ምክንያት አለቃው ፈቃድ ሳይቀበል መነሣቱ መሆኑን ወሰኑ፤ የሆላንድ መርማሪዎች ደግሞ በሁለቱ ወገን ያለመግባባት መኖሩን አጥብቀው አስረዱ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት አለበት። ለመነሣት የቸኰለው አለቃ፣ አሻሚ ቃል የተናገረው ረዳት፣ «እሺ» ብሎ የመለሰው ተቈጣጣሪ፣ ከአንድ ጥያቄ በኋላ ዝም ያለው መሐንዲስ፣ የተደራረበው የራዲዮ ድምፅ፣ ጉሙም ጭምር እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጥፋት ባላመጣ ነበር። ቸኵሎ ስለሚሠራ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገር ምሳሌ በዚያ ቀን በከባድ ዋጋ ተተረጐመ።

ቍጥርም እንደ ቃል ያሳስታል። በ1981 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በየካቲት 1989፣ ፍላይንግ ታይገር የተባለው ኩባንያ የጭነት አይሮፕላን በማሌዢያ ወደ ኳላ ሉምፑር ለማረፍ ሲቃረብ ተቈጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ ከፍታ እንዲወርድ ፈቀደለት። ቍጥሩን የተናገረው ግን አኃዞቹን አንድ በአንድ በመጥራት ነበር። በእንግሊዝኛ «ሁለት» የሚለው ቍጥርና «ወደ» የሚለው ቃል በጆሮ ሲሰሙ አይለዩም፤ ስለዚህ ነጂዎቹ «ሁለት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» የተባለውን «ወደ 400» ብለው ሰሙት። መልሰውም «አራት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» ሲሉ ተቈጣጣሪው አላረማቸውም። አይሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 4 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ስፍራ ቃሉ ተመልሶ ተነግሯል፤ የጐደለው የተመለሰውን ቃል በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። መልሶ መናገር የአንዱ ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተመለሰውን መስማትና ማረም የሌላው ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሌላው የጥፋት መንገድ ጭንቀትን በለሰለሰ ቃል መናገር ነው። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990፣ የኮሎምቢያው የአቪያንካ አይሮፕላን 158 ሰዎች ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ሲመጣ፣ በአየሩ መክፋትና በአይሮፕላኖች ብዛት ምክንያት ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ በሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁም እያለቀ ሄደ። ለማረፍ ሞክሮ ሳይሆንለት በተመለሰ ጊዜ አለቃው ረዳቱን በስፓንኛ፣ አስጊ ሁኔታ ላይ መሆናችንን ንገራቸው አለው። ረዳቱ ግን ለተቈጣጣሪው ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ እንጂ የአስጊ አደጋን ሕጋዊ ቃል አልተናገረም፤ አለቃው ነግረሃቸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀውም አዎን ነግሬአለሁ አለ። ቀደም ብለውም ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ለምነው ነበር። ለነጂዎቹ «ቅድሚያ» የምትለው ቃል ጭንቀታቸውን ሁሉ የተሸከመች ነበረች፤ ብዙ አይሮፕላን በሚያስተናግደው ተቈጣጣሪ ጆሮ ግን እንደ ማንኛውም ልመና ሆነች። አራቱ ሞተሮች ጠፍተው አይሮፕላኑ በሎንግ አይላንድ ወደቀ፤ 73 ሰዎችም ሞቱ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአይሮፕላን ብቻ አይደለም። ሰው በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ከእርሱ በሚበልጥ ሥልጣን ፊት ሲቆም ችግሩን አሳንሶ ይናገራል፤ ይህንንም ጨዋነት አድርጎ ይቈጥረዋል። በሌላ ስፍራ ትሕትና የሚባለው ነገር ነፍስ በሚጠበቅበት ስፍራ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ የዓለም ሕግ ለጭንቀት ጊዜ አንድ የተለየ ቃል ወሰነ፤ «ሜይዴይ» የሚባለው ሲሆን ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይነገራል። ምንጩ «እርዱኝ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ይህ ቃል ሲጠራ ሌላው ንግግር ሁሉ ይቆማል፤ የሚጠራውም ሰው ማፈር አይገባውም።

የቋንቋ መለያየት ያመጣውም ጥፋት ቀላል አይደለም። ጳጕሜን 5 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976፣ በዩጎዝላቪያ በዛግሬብ ከተማ አጠገብ የእንግሊዝና የዩጎዝላቪያ አይሮፕላኖች በሰማይ ላይ ተጋጭተው 176 ሰዎች ሞቱ። ተቈጣጣሪው ሥራ በዝቶበት ሳለ በመጨረሻው ሰዓት ለዩጎዝላቪያው ነጂ ትእዛዝ የሰጠው በአገሩ ቋንቋ ነበር፤ የእንግሊዙ ነጂዎች በዚያው መሥመር ላይ ሳሉ የሚባለውን ለማወቅ አልቻሉም። እንደዚሁም ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996፣ በሕንድ አገር ከኒው ዴልሂ አጠገብ የሳዑዲ ዐረቢያና የካዛክስታን አይሮፕላኖች ተጋጭተው 349 ሰዎች ሲያልቁ አንድም ነፍስ አልተረፈም። የካዛክስታኑ አይሮፕላን እንዲጠብቅ የታዘዘበት ከፍታ 15,000 ጫማ፣ የሳዑዲው 14,000 ጫማ ነበር። መርማሪዎቹ የካዛክስታኑ ነጂዎች ከታዘዙት ከፍታ በታች መውረዳቸውንና የእንግሊዝኛ ዕውቀታቸው ማነሱን በምክንያትነት አመለከቱ።

መልሶ መናገር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጥር 2 ቀን 2024፣ በጃፓን በሐኔዳ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። በዋዜማው በኖቶ ምድር መንቀጥቀጥ ደርሶ ስለ ነበር የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አይሮፕላን ርዳታ ጭኖ ለመሄድ ይዘጋጅ ነበር። ተቈጣጣሪው የመነሣት ተራው አንደኛ መሆኑን ነግሮ ከመንደርደሪያው አፋፍ በተወሰነው ስፍራ እንዲቆም አዘዘው። ነጂውም የታዘዘውን ቃል በትክክል መልሶ ተናገረ። ነገር ግን ወደ መንደርደሪያው ለመግባት የተፈቀደለት መስሎት ገብቶ 40 ሰኮንድ ያህል ቆመ፤ ተቈጣጣሪውም አላየውም፤ ለማረፍ የመጣው የጃፓን አየር መንገድ አይሮፕላንም በላዩ ደረሰበት። ከጠረፍ ጠባቂው 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ በታላቁ አይሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሠራተኞቹ ሥርዓትና ትጋት ከእሳት ወጥተው ዳኑ።

የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውሉታል። ተማሪ ንባቡን አንድ ፊደል ሳያጐድል ሊወጣው ይችላል፤ ትርጓሜውን ካልተማረ ግን ያነበበው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። አፍ ቃሉን ሲመልስ ልብ ሌላ ነገር ተስፋ ያደርግ ይሆናል፤ ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን ነገር ያልተነገረውን ስንኳ እንደ ተነገረ አድርጎ ይሰማልና። አንደኛ ነህ የተባለ ሰው መንገዱ የተከፈተለት ይመስለዋል። ስለዚህ መምህሩ የተማሪውን ንባብ ከሰማ በኋላ ትርጕሙን እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ ሰሚው ቃሉን ከመለሰ በኋላ ሥራው ከቃሉ ጋር መስማማቱን በዐይን መመልከት ያስፈልጋል።

የሰው ልጅ ግን ከጥፋቱ ሳይማር አልቀረም። ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ፊደላቱ እንዳይምታቱ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እየተባለ የሚጠራ ስም አውጥቶ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለ፤ የእንግሊዝኛው ዘጠኝ ቍጥርም ከአምስት ጋር እንዳይሳሳት «ናይነር» ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ። ከቴነሪፍ አደጋ በኋላ «መነሣት» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሻር ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ግን በምትኩ ሌላ ቃል እንዲገባ ተወሰነ። «እሺ» ብሎ ማለፍ ቀርቶ የከፍታን፣ የመንደርደሪያንና የፈቃድን ቃል በሙሉ መልሶ ማሰማት ግዴታ ሆነ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዓለም አቀፍ መሥመር የሚሠሩ ነጂዎችና ተቈጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው በስድስት ደረጃዎች እንዲመዘንና ከአራተኛው ደረጃ እንዳያንስ የሚያዝዘው ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሁሉ ሕግ የተጻፈው በሰው ደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1944፣ የአየር ጕዞ የዓለም ውል በቺካጎ ሲፈረም በጉባኤው ከተገኙት መንግሥታት መካከል ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጕዞውን በመጋቢት 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ የአገሪቱ ነጂዎች በብዙ አህጉር ሰማይ ላይ በባዕድ ቋንቋ ሲነጋገሩ ኖረዋል። የአዲስ አበባው የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ስለሚገኝ፣ በከፍታ ቍጥር አንዲት አኃዝ መሳሳት በሜዳ አገር ከመሳሳት የበለጠ ያስፈራል። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአየር መንገዱ አንድ የጭነት አይሮፕላን በዛምቢያ በንዶላ ከተማ ሥራው ባላለቀ አዲስ ማረፊያ ላይ በስሕተት አርፎ ነበር። ነጂዎቹ ከማረፋቸው በፊት ከተቈጣጣሪዎቹ ጋር ሲነጋገሩ፣ አይሮፕላኑ እንደማይታያቸው ተነግሯቸው እንደ ነበር የዛምቢያ ባለ ሥልጣኖች ገልጠዋል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ይሁን እንጂ በምድር ያለው ሰው አላይህም ሲል፣ በሰማይ ያለውም ልቀጥል ወይስ ልመለስ ብሎ የሚያስብባት ጊዜ እጅግ አጭር መሆኗን ይህ ነገር ያሳስባል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዳንዶች ቃልን ሁሉ መልሶ ማሰማት ጊዜ ያጠፋል፣ ሥራ በበዛበት ማረፊያም መሥመሩን ያጨናንቃል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም አንድን ፈቃድ መልሶ ለማሰማት የሚያስፈልገው ጥቂት ሰኮንድ ነው። የሆላንዱ አለቃ ፈቃዱን አንድ ጊዜ ደግሞ ለማረጋገጥ ሰኮንዶችን ብቻ ቢጠብቅ ኖሮ ስንት ቤት ከኀዘን በዳነ። ሌሎች ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ፈቃድ በጽሕፈት የሚተላለፍበት መሣሪያ ስለ ተገኘ የድምፅ ስሕተት ከእንግዲህ ያበቃል ብለው ያስባሉ። ይህ መሣሪያ በተለይ በውቅያኖስ ላይ ለሚደረግ ረዥም ጕዞ ታላቅ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ነገር ግን አይሮፕላን ለመነሣትና ለማረፍ ሲቃረብ፣ አደጋም ሲመጣ፣ የሚፈለገው ፈጥኖ የሚደርሰው የሰው ድምፅ ነው። ጽሕፈትም ቢሆን በችኰላ ሲያነቡት ይሳሳታል። መሣሪያ የሰውን ጥንቃቄ ያግዛል እንጂ ጥንቃቄውን አይተካውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተሳሳተውን ሰው በብርቱ መቅጣት ይበቃል የሚል ነው። በቸልታ ወይም በክፋት ያጠፋ ሰው መቀጣቱ የተገባ ነው። ነገር ግን የተሳሳተ ሁሉ የሚቀጣበት መሥሪያ ቤት ስሕተትን አያጠፋም፤ ስሕተትን ይሸሽጋል። ዛሬ ሰው ሳይጐዳ ያለፈውን ትንሹን ስሕተት ሠራተኛው ፈርቶ ቢደብቀው፣ ነገ ያው ስሕተት በመቶ የሚቈጠር ሰው ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የተሳሳተው ሰው በቅንነት ተናግሮ ለሌላው ትምህርት የሚሆንበትን መንገድ ማዘጋጀት ከብልኅ አስተዳዳሪ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበው የማዕርግ ነገር ነው። በቴነሪፍ መሐንዲሱ ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው የቆመው በአለቃው ጽኑ መልስ ፊት ነው። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው የአገር ምሳሌ ሰው አንድ ጊዜ የተናገረውን ላለመለወጥ ሲል ወደ ገደል እንደሚሄድ ያስረዳል። ታናሹ ታላቁን ማክበሩ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ታላቁን ከስሕተት ከማዳን የሚበልጥ አክብሮት የለም። የሚጠራጠር ታናሽ ዝም ቢል አለቃውን አከበረ አይባልም፤ ብቻውን ተወው እንጂ። በዓለም ላይ ያሉ የነጂ ትምህርት ቤቶች ከዚያ አደጋ ወዲህ ረዳቱ ያለ ፍርሃት እንዲናገር፣ አለቃውም ሳይቈጣ እንዲሰማ ማስተማር የጀመሩት ስለዚህ ነው። ይህ ትምህርት ታላቅን ማክበር ጠንካራ በሆነበት አገር ከሌላው ይልቅ ተደጋግሞ መሰጠት ያስፈልገዋል፤ አክብሮቱን ለመሻር ሳይሆን ነፍስ የሚያድን አክብሮት ለማድረግ ነው።

እንግዲህ የአየር ጕዞን የሚመሩ ባለ ሥልጣኖች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ ይበጃል። የመጀመሪያው ለነጂውና ለተቈጣጣሪው የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ለፈተና ማለፊያ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ በጫጫታና በጭንቀት መካከል መስማትን የሚያለማምድ እንዲሆን ነው፤ የተለያየ አገር ሰው እንግሊዝኛን በልዩ ልዩ ድምፅ ይናገራልና። ሁለተኛው ተቈጣጣሪዎች ከአቅማቸው በላይ አይሮፕላን እንዳይበዛባቸውና ዕረፍት እንዳይጐድላቸው ነው፤ የደከመ ጆሮ የሚሰማው የለመደውን እንጂ የተነገረውን አይደለምና። ሦስተኛው «አልሰማሁም፤ ድገምልኝ» የሚል ሰው እንዳይናቅ፣ ይልቁንም እንዲመሰገን ማድረግ ነው። በሥራ ላይ ካሉ ቃሎች ሁሉ ከዚህ ቃል የሚረክስ ዋጋ ያለው፣ ከዚህም ቃል የሚበልጥ ሰው ያዳነ አይገኝም።

ሌላው ባለ ሥልጣንም ቢሆን ይህ ነገር አይመለከተኝም ሊል አይገባውም። ከአለቃ ወደ አውራጃ የሚወርድ ትእዛዝ፣ ከሐኪም ወደ አስታማሚ የሚተላለፍ የመድኃኒት ልክ፣ ከመሐንዲስ ወደ ሠራተኛ የሚነገር ቍጥር ሁሉ በዚያው በአፍና በጆሮ መካከል ባለው መንገድ ያልፋል። በምድር ላይ ያለ ስሕተት ብዙ ጊዜ ለመታረም ፋታ ይሰጣል፤ በሰማይ ያለው ግን ፋታ አይሰጥም፤ ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው። ያዘዘ ሰው ትእዛዙ እንዴት እንደ ተሰማ ሳያረጋግጥ ቢተወው ሥራውን ጀመረው እንጂ አልፈጸመውም፤ የታዘዘውም ሰው ሳይገባው «እሺ» ቢል ታዛዥ መሰለ እንጂ አልታዘዘም። ቃሉን ግልጥ አድርጎ መናገር የአዛዡ፣ መልሶ ማሰማት የታዛዡ፣ የተመለሰውን አዳምጦ ማረም ደግሞ እንደ ገና የአዛዡ ግዴታ ነው። ይህ ሦስትነት በተጠበቀበት ስፍራ ሕዝብ በደኅና ወጥቶ በደኅና ይገባል።